ርስት ያስተማረው ትዝታ፦ የምዕራብ ጎጃም አዛውንት ቃልና የአመዘጋገቡ ታሪክ

ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ፣ ከደጋ ዳሞት ከፍታ እስከ ወምበርማ ቆላ የተዘረጋው የምዕራብ ጎጃም ገጠር ስለ ራሱ በጽሑፍ ያስቀረው ነገር ጥቂት ነው። አድባራት በወንጌል ኅዳግ ላይ ያሰፈሯቸው የመሬት ስጦታዎች፣ የነገሥታቱ ዜና መዋዕሎች በዘመቻ ወይም በግብር ሰበብ አካባቢውን የሚያነሡባቸው አንቀጾች፣ ከ1933 ዓ.ም. ነፃነት በኋላ ደግሞ የአውራጃና የወረዳ ግዛት ጽሕፈት ቤቶች የተላላኳቸው ደብዳቤዎች አንድ ላይ ቢታዩ፣ የሹሙንና የካህኑን ፈለግ እንጂ የአራሹን፣ የሸማኔውን፣ የነጋዴውንና የባልቴቷን ኑሮ እምብዛም አያሳዩም። ይህን ጎዶሎ የሚሞላው በአዛውንት ቃል የተያዘው ታሪክ ነው፤ እርሱም ቢሆን በዘፈቀደ የተከማቸ ሳይሆን፣ ለብዙ ዘመን በችሎት ፊት እየቀረበ፣ በባላጋራ እየተፈተነ፣ መሬት የሚያስገኝ ወይም የሚያሳጣ ማስረጃ ሆኖ የኖረ በመሆኑ፣ መዝጋቢው ከመቅጃው ቁልፍ አስቀድሞ ይህን ልማድ ሊያውቅ ይገባዋል።

የታሪክ ምሁራን በዚህ መስክ ሁለት ነገሮችን ለይተው ይጠራሉ። ተናጋሪው ከተወለደበት ዘመን በፊት የሆነውንና ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የመጣውን ነገር ቃላዊ ትውፊት ይሉታል፤ ተናጋሪው ራሱ ያየውን፣ የሠራውን ወይም የደረሰበትን ሲናገር የሚገኘውን ምስክርነት ደግሞ ቃላዊ ታሪክ ይሉታል። የመጀመሪያውን በመካከለኛው አፍሪካ ጥናቶቹ ሥርዓት ያስያዘው የቤልጅጉ ተወላጅ ያን ቫንሲና ሲሆን፣ ቃላዊ ትውፊት እንደማንኛውም ሰነድ ሊመረመር እንደሚችል የሚያስረዳው መጽሐፉ በ1961 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይኛ ታትሟል፤ ሁለተኛው ደግሞ አለን ኔቪንስ በ1948 እ.ኤ.አ. በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ካቋቋመው የቃል ታሪክ ማዕከል ወዲህ በድምፅ መቅጃ የሚካሄድ ራሱን የቻለ የጥናት ዘርፍ ሆኗል። በምዕራብ ጎጃም ሁለቱ በአንድ ሰው አፍ ይገናኛሉ፤ አንድ አዛውንት በአንድ ቁጭታ የአሥር ትውልድ የዘር ሐረግ ቆጥሮ፣ ወዲያው በ1960 ዓ.ም. የግብር ዐመፅ ራሱ ወደ ዋለበት ጫካ ሊሻገር ይችላልና።

ርስት፣ ዋና አባትና ፈጅ

በጎጃም ገጠር የትዝታን ሥራ የወሰነው የርስት ሥርዓት ነው። ርስት ማለት አንድ ሰው በጥንት ዘመን መሬቱን አቅንቷል ወይም ተሰጥቶታል ከሚባል ቀደምት አባት ወይም እናት በመወለዱ ብቻ ከዚያ መሬት ድርሻ የመጠየቅ መብት ሲሆን፣ ጉልት ግን ከመንግሥት ለሹም፣ ለመኳንንት ወይም ለቤተ ክርስቲያን የሚሰጥ የግብር መቀበልና የማስተዳደር ሥልጣን ነበር። በአንድ መሬት ላይ ባለጉልቱ ግብሩን ሲበላ፣ ባለርስቱ ያርሰው ነበር፤ ጉልት በሹም ሽር ይለወጥ፣ ርስት ግን በሐረግ ይቆይ ነበር። መብቱ በወንድም በሴትም በኩል ስለሚወርድ፣ አንድ ገበሬ በአባቱ አባት፣ በአባቱ እናት፣ በእናቱ አባትና በእናቱ እናት በኩል ሁሉ መጠየቅ ይችል ነበር፤ ስለዚህም በአንድ ሰው እጅ የሚገኘው መሬት በስሙ ሊጠይቀው ከሚችለው መሬት ሁልጊዜ ያነሰ ነበር።

ይህን ሥርዓት ከውስጡ ገብቶ ያጠናው አለን ሆበን የተባለው አሜሪካዊ የሰብአ ትምህርት ምሁር ሲሆን፣ በ1950ዎቹ ዓ.ም. በደጋ ዳሞት ተቀምጦ የሰበሰበው መረጃ በ1973 እ.ኤ.አ. በዩኒቨርሲቲ ኦፍ ቺካጎ ማተሚያ ቤት በመጽሐፍ ወጥቷል። በሥራው እንደተገለጸው፣ የአንድ አጥቢያ መሬት በጥቂት ዋና አባቶች ስም የተከፈለ ነው፤ ዋና አባት የሚባለው መሬቱ መጀመሪያ የደረሰው ቀደምት ሲሆን፣ የእርሱ ልጆች ወይም የልጅ ልጆች ደግሞ ምንዝር አባቶች ተብለው ድርሻው በስማቸው ይከፋፈላል። የዚያን ሐረግ ጉዳይ የሚከታተለው፣ ለአዲስ ጠያቂ ድርሻ የሚያሳየውና በሙግት ወገኑን የሚወክለው ሰው ፈጅ ይባላል። ፈጁ የሚመረጥበት ዋና ችሎታ ሀብት ወይም ጉልበት ብቻ ሳይሆን ትውልድ ማወቁና በችሎት ቃሉ የማይደናቀፍ መሆኑ ነበር።

ሙግቱ ይካሄድበት የነበረው መንገድ የዚህን ዕውቀት ጠባይ ያሳያል። ተሟጋቹ ኩታውን አደግድጎ፣ ዘንጉን ጨብጦ ከዳኛው ፊት ይቆማል፤ ከዋና አባቱ ተነሥቶ እገሌ እገሌን ወለደ እያለ እስከ ራሱ ይወርዳል። ባላጋራው በየመካከሉ ያቋርጠዋል፤ ያች ሴት የዚያ ሰው ልጅ አይደለችም፣ ያ ሰው መካን ነበር፣ ያኛው ከሌላ ቤት የመጣ ጉዲፈቻ ነው፣ ያኛው ድርሻውን ወስዶ ተነቅሏል እያለ አንዱን ሐረግ ለመበጠስ ይሞክራል። በወላጅ ተራ አንድ ስም ያጎደለ ወይም አንዱን ወንድም በሌላው የተካ ሰው ሙግቱ ይረታበታል፤ ሰንሰለቱን አጥርቶ ለቆጠረው ደግሞ ሽማግሌዎች ድንበር ወርደው፣ ቦዩንና የዛፍ ጉቶውን ምልክት አድርገው ይለኩለታል። ሐረግ የሚያውቅ አባት ልጁን በቀን ሥራ መካከል፣ በተለይም ወደ ገበያና ወደ ሙግት አብሮት ሲያስከትለው ያስጠናው ነበር እንጂ ለባዕድ አይቆጥርም ነበር፤ የተሰማ ሐረግ በባላጋራ አፍ ተመልሶ መሣሪያ ይሆናልና። ዛሬ የድምፅ መቅጃ ይዞ የሚሄድ ወጣት አንዳንድ አዛውንት ስለ ዘራቸው ሲጠየቁ ለምን እንደሚቆጠቡ የሚረዳው ይህን ሲያውቅ ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። በአንድ በኩል የጎጃም አዛውንት የትውልድ ትዝታ በተደጋጋሚ ሙግት የተጣራ በመሆኑ፣ ብዙ ጊዜ ከሚጠበቀው በላይ ጽኑ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ይኸው ትዝታ ለጥቅም የተሠራ ነው፤ መሬት የማያስገኝ ዘመድ ይረሳል፣ ድርሻ የሚያስገኝ አያት ግን ከስድስት ትውልድ በኋላም ስሟ ይጠራል። ስለዚህ በቃል የተቆጠረ ሐረግ ስለ ጥንቱ የሚናገረውን ያህል፣ ሐረጉ ለመጨረሻ ጊዜ በሙግት ስለቀረበበት ዘመንም ይናገራል።

ከቃል ወደ ብራና፣ ከብራና ወደ ቃል

የአካባቢውን የቃል ትውልድ ወደ ጽሑፍ የመለሱ ሰዎች ከዩኒቨርሲቲ በፊት ነበሩ። ከእነዚህ ዋነኛው አለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራ ናቸው። ከዓባይ ማዶ ከኦሮሞ ወገን ተወልደው በልጅነታቸው ወደ ጎጃም የመጡት ተክለ ኢየሱስ በጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቤት አድገው ሠዓሊም ታሪክ ጸሐፊም ሆኑ፤ የጻፉትም የነገሥታቱን ዜና ብቻ ሳይሆን የየአገሩን ባላባት ሐረግ ጭምር ነበር። ሥራቸው ለረጅም ጊዜ በእጅ ጽሑፍ ሲገለበጥ ቆይቶ፣ በግርማ ጌታሁን አዘጋጅነት ለኅትመት በቅቷል፤ የእንግሊዝኛው ትርጉም በ2014 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። እዚህ ላይ ለመዝጋቢ ትልቅ ጥንቃቄ የሚጠይቅ ጉዳይ ይነሣል፦ ጽሑፉ ከአዛውንት ቃል የተቀዳ እንደመሆኑ፣ ከተገለበጠና ከተነበበ በኋላ ደግሞ ተመልሶ ወደ አዛውንት ቃል ይገባል። ስለዚህ ዛሬ አንድ አዛውንት የሚናገረው ሐረግ ከተክለ ኢየሱስ ጽሑፍ ጋር ቢገጣጠም፣ ሁለቱ ለየብቻቸው ተመሳሳይ እውነት መሰከሩ ማለት ላይሆን ይችላል፤ አንዱ የሌላው ግልባጭ ሊሆን ይችላልና ከየት ሰማህ የሚለው ጥያቄ መቅረት የለበትም።

የጽሑፍ ሰነድ የቃሉን ጉድለት የሚያሳይበት ሁኔታም አለ። ሀብታሙ መንግሥቴ ተገኘ የምሥራቅ ጎጃምን አብያተ ክርስቲያናት ሰነዶች መርምሮ በ2004 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ በባለጉልቶች መሬት ላይ ጥገኛ ሆነው የሚኖሩ፣ ዘጋ የሚባሉ ርስት የለሽ ሰዎች እንደነበሩ አሳይቷል። ርስተኛው ስለ ራሱ የሚቆጥረው ትውልድ ሁሉንም ከዋና አባት የወረደ እኩል ዘመድ አድርጎ ስለሚያቀርብ፣ እንደ ዘጋ ያሉ ሰዎች በዚያ ቆጠራ ውስጥ ቦታ አይኖራቸውም። የሸማኔ፣ የቀጥቃጭና የፋቂ ቤተሰቦች፣ እንዲሁም ከዓባይ ማዶ በባርነት የመጡ ሰዎች ልጆች ጉዳይም እንደዚሁ ነው፤ ከርስት ሙግት ውጭ የኖረ ሰው ከርስት ትዝታም ውጭ ይቀራል። የገጠሩን ታሪክ ሙሉ አድርጎ ለመመዝገብ የሚሻ ሰው በቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም የሚሰባሰቡትን የተከበሩ ሽማግሌዎች ካነጋገረ በኋላ፣ ወደ ሸማኔው ጉድጓድና ወደ ሸክላ ሠሪዋ ጎጆም መሄድ አለበት።

የዩኒቨርሲቲው ምዝገባ የተጀመረው በ1950ዎቹ ነው። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም በ1955 ዓ.ም. በዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከተመሠረተ በኋላ፣ የታሪክ ትምህርት ክፍል ተማሪዎች ለመመረቂያ የሚያቀርቡትን ጽሑፍ ብዙውን ጊዜ ከትውልድ አገራቸው እየመረጡ፣ በክረምት ዕረፍት ሽማግሌ እያነጋገሩ አዘጋጅተዋል፤ በጽሑፎቹ መጨረሻም የመረጃ አቀባዮች ስም፣ ዕድሜ፣ ቦታና የተነጋገሩበት ቀን በዝርዝር ይቀመጣል። እነዚህ ጽሑፎች ስለ አውራጃዎች ታሪክ የተገኘውን ዕውቀት ትልቅ ክፍል የያዙ ናቸው፤ ሆኖም የሚያቀርቡት የተማሪውን ማጠቃለያ ሲሆን፣ አዛውንቱ የተናገሩት ቃል እንደወረደ የተቀመጠበት ካሴት ወይም ግልባጭ ከጽሑፉ ጋር ተያይዞ የሚገኘው አልፎ አልፎ ነው። የቃል ግጥምን በተመለከተ ጌቴ ገላዬ በምሥራቅ ጎጃም የትኖራ የገበሬዎች አምራች ኅብረት ሥራ ማኅበር ላይ የሠራው ጥናት የተለየ ምሳሌ ነው፤ ገበሬዎች ስለ መንግሥት ያላቸውን አስተያየት በቃለ መጠይቅ ከሚናገሩት ይልቅ በፉከራና በእንጉርጉሮ እንደሚገልጹት ያሳያልና፣ ግጥሙን ሳይመዘግቡ ንግግሩን ብቻ መቅዳት የምስክርነቱን ግማሽ ትቶ መመለስ ነው።

የ1967 ዓ.ም. ስብራት

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ንብረት ያደረገው አዋጅ ሲታወጅ፣ የርስት ሙግት በሕግ ፊት ዋጋ አጣ። ከዚያ በኋላ መሬት የሚደለድለው የገበሬ ማኅበር ነበር፤ የሚጠየቀውም ሰውየው የማን ዘር እንደሆነ ሳይሆን ስንት ቤተሰብ እንዳለው ሆነ። በአንድ አዋጅ ፈጅ ሥራ ፈታ፤ ልጅን ትውልድ ማስጠናትም ጥቅሙ ቀረ። በቀጣዮቹ ዓመታት የመጡት የመንደር ምሥረታ፣ የብሔራዊ ውትድርናና የኅብረት ሥራ ማኅበር የየራሳቸውን ትዝታ ፈጥረዋል፤ ነገር ግን በችሎት የሚፈተን፣ አንድ ስም የጎደለበት የሚሸነፍበት ዓይነት ትዝታ ከ1967 ዓ.ም. በፊት ለአካለ መጠን በደረሰው ትውልድ ላይ ቆሟል።

ትዝታ ከመሬት ጋር ያለው ዝምድና ግን በዚያ አልተቋረጠም። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል በተካሄደው የመሬት ሽግሽግ፣ በንጉሡ ዘመን ሹመት የነበራቸው ሰዎች ቅሪተ ፊውዳል፣ በደርግ ዘመን በቀበሌና በገበሬ ማኅበር አመራር ያገለገሉት ደግሞ ቢሮክራሲ ተብለው ከሌላው ገበሬ ያነሰ መሬት እንዲይዙ ተደረገ። የዚህን አፈጻጸም ኖርዌያዊው የታሪክ ምሁር ስቫይን ኤጌ በወቅቱ አጥንቶታል። ለቃል ታሪክ መዝጋቢ የጉዳዩ ፍሬ ነገር ይህ ነው፦ ቀድሞ ማን ከማን ተወለደ የሚለው ትዝታ መሬት እንዳሰጠ ሁሉ፣ በ1989 ዓ.ም. ማን በየትኛው መንግሥት ምን ሹመት ነበረው የሚለው ትዝታ መሬት አስነጠቀ። በዚህ ምክንያት ስለ ደርግ ዘመን የቀበሌ አመራር ሲጠየቅ ነገሩን ወደ ሌላ የሚያዞር አዛውንት ረስቶ ላይሆን ይችላል፤ ካለፈው ተምሮ ሊሆን ይችላል። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ለገበሬው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ሲሰጥም፣ ድንበር ለይተው የመሰከሩት ሽማግሌዎች ናቸው፤ ደብተሩ ከተሰጠ ወዲያ ግን ማስረጃው ወረቀት ሆኗል።

የአዛውንቱ ዘመን እንዴት ይቆጠራል?

በገጠር የሚኖር አዛውንት የተወለደበትን ዓመት በቁጥር አለማወቁ ለመዝጋቢ የመጀመሪያው ችግር ቢመስልም፣ የአካባቢው የዘመን አቆጣጠር ልማድ መፍትሔውን ይዟል። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ዓመታትን በአራቱ ወንጌላውያን ስም በዙር ስለምትጠራ፣ ብዙ አዛውንት ዓመተ ምሕረቱን ባያውቁም ዘመነ ማርቆስ ወይም ዘመነ ሉቃስ እንደነበር ያስታውሳሉ። ለምሳሌ አንዲት ባልቴት ጣሊያን ከወጣ በኋላ በዘመነ ማርቆስ ተወለድኩ ቢሉ፣ ሊሆን የሚችለው 1934፣ 1938 ወይም 1942 ዓ.ም. ነው፤ በ1950 እና በ1951 ዓ.ም. የወባ ወረርሽኝ ጊዜ ውኃ ለመቅዳት የደረሱ ልጃገረድ እንደነበሩ ከጨመሩ ደግሞ 1942 ይወድቃል፣ ምርጫው ወደ ሁለት ይወርዳል፤ ታላቅ ወንድማቸው በየትኛው ዘመን እንደተወለደ ሲታወቅም አንዱ ይቀራል። ቀኑ የሚታወቀው በወርኃዊ በዓል ነው፤ በሚካኤል ማግስት ማለት ከወሩ 13ኛው ቀን፣ በመድኃኔ ዓለም ማለት 27ኛው ነው። ይህን ስሌት የሚያውቅ መዝጋቢ አዛውንቱን በዓመተ ምሕረት ጥያቄ አያስጨንቅም፤ የማያውቅ ግን ግምቱን በአፋቸው አስገብቶ፣ እርሱ የሰጣቸውን ቁጥር መልሶ ከእነርሱ ይቀዳል።

ስሌቱ ከጽሑፍ ጋር የሚመሳከርበት ጥሩ ምሳሌ የ1933 ዓ.ም. ጦርነት ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ ድንበር ከተሻገሩ በኋላ፣ በኮሎኔል ኦርድ ዊንጌት የሚመራውና ጌዴዎን የተባለው ጦር ወደ ቡሬ ተጠግቶ፣ በኮሎኔል ናታሌ አዛዥነት እዚያ የነበረው የጣሊያን ጦር በየካቲት ወር መጨረሻ ምሽጉን ለቅቆ በፍኖተ ሰላም መስመር ወደ ደብረ ማርቆስ እንዲያፈገፍግ አደረገው። በዚሁ ማፈግፈግ የካቲት 27 ቀን፣ ማለትም በመድኃኔ ዓለም ዕለት፣ በኬንያ ከነበሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች የተቋቋመው ሁለተኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ ደምበጫ አጠገብ መንገድ ላይ ከሚያፈገፍገው ጦር ጋር ተጋጥሞ ብዙ ሰው ወደቀበት፤ ንጉሠ ነገሥቱም መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ ገቡ። የእንግሊዝ መኮንኖች ማስታወሻዎች ይህን ዘመቻ የዊንጌት ድል አድርገው ሲያቀርቡት፣ የአካባቢው ትውፊት ግን ጣሊያን በየምሽጉ ተወስኖ እንዲቀመጥ ያደረጉትን እንደ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ ያሉ አርበኞችን ያስቀድማል። ሁለቱ ትረካዎች የሚጋጩ ቢመስሉም የሚደጋገፉ ናቸው፤ ለአምስት ዓመት የተካሄደውን የአርበኝነት ትግል የመኮንኖቹ መጽሐፍ በጥቂቱ ይነካዋል፣ የየካቲትን ሰልፍ የጦር ስልት ግን አርበኛው ገበሬ ከቆመበት ጋራ ያየውን ያህል ብቻ ይናገራል።

የ1960 ዓ.ም. የግብር ዐመፅ ደግሞ በሕይወት ያሉ ተሳታፊዎች የሚመሰክሩበት ነው። በኅዳር ወር የወጣው የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ በጎጃም ሲነገር፣ ገበሬው የሰማው የገንዘቡን መጠን ብቻ አልነበረም፤ መሬት በቀላድ፣ ማለትም በመለኪያ ገመድ ይለካል፣ ከተለካም ርስትነቱ ይቀራል የሚል ሥጋት ነበረው። በ1930ዎቹም መንግሥት ግብር ሊያስተካክል ሲሞክር ተመሳሳይ ተቃውሞ ገጥሞታል። ዐመፁ ከሞጣና ከቢቸና አንሥቶ እስከ ዳሞት ሲዛመት መንግሥት የአየር ኃይል አውሮፕላን ጭምር አዘመተ፤ በመጨረሻ ግን ጠቅላይ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከጎጃም ተነሡ፣ የተወዘፈ ግብርም ተማረ። ገብሩ ታረቀ በ1991 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ዐመፅ በስፋት ተንትኖታል። መዝጋቢው እዚህ ሊጠነቀቅበት የሚገባው የ1930ዎቹና የ1960 ተቃውሞዎች በአንድ ትረካ የሚቀላቀሉበት ጊዜ መኖሩ ነው። ጣሊያናዊው አሌሳንድሮ ፖርቴሊ በቴርኒ ከተማ እንዳሳየው፣ በ1949 እ.ኤ.አ. በሰልፍ ላይ የተገደለን ሠራተኛ ሞት ብዙ የከተማው ሰዎች ከ1953ቱ የሠራተኞች የጅምላ ቅነሳ ጋር አያይዘው ይናገሩ ነበር፤ ስሕተቱ ራሱ ያ ሞት ለከተማው ሰው ምን ትርጉም እንደነበረው አስረዳ። በጎጃምም የዓመታቱ መቀላቀል፣ ገበሬው ሁለቱን ዐመፆች ርስትን ከቀላድ የማዳን አንድ ትግል አድርጎ መቁጠሩን የሚያመለክት በመሆኑ፣ ከግልባጩ ሊሰረዝ አይገባም።

የቡሬው በቆሎና የአዛውንት ዕውቀት

የአዛውንት ቃል ከፖለቲካ ታሪክ ውጭ ላለ ምርምር ምን ያህል እንደሚጠቅም ያሳየው ዋና ጉዳይ የቡሬ አካባቢ የወባ ጥናት ነው። የወባ ወረርሽኝ በ1950 እና በ1951 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ ሲነሣ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው ታምሞ 150 ሺህ ያህል መሞቱ ተገምቷል። ከአርባ ዓመት በኋላ በ1998 እ.ኤ.አ. በቡሬና በወምበርማ በኩል ብርቱ የወባ ወረርሽኝ ሲነሣ፣ የታሪክ ምሁሩ ጄምስ ማካንና ከእርሱ ጋር የሠሩ የጤና ተመራማሪዎች ከበቆሎ እርሻ መስፋፋት ጋር ያለውን ግንኙነት መረመሩ። ቢኤች 660 የተባለው ዘግይቶ የሚደርስ ድቅል በቆሎ አበባውን የሚያፈሰው ክረምት ሲወጣ፣ የወባ ትንኝ እጭ በየኩሬውና በየእግር ዱካው ውኃ በሚያድግበት ወቅት ነው፤ የበቆሎ ብናኝ በውኃው ላይ ሲረግፍ ለእጩ ምግብ ይሆናል፣ በዚህም ትንኟ ፈጥና ታድጋለች፣ በሕይወት የመቆየት ዕድሏም ይጨምራል።

ብናኝ እጭን እንደሚመግብ የሚያረጋግጠው ቤተ ሙከራ ነው፤ በየትኛው መስክ መቼ በቆሎ እንደተዘራ፣ ከዚያ በፊት ዳጉሳ ወይስ ጤፍ ይበቅልበት እንደነበር፣ የግጦሽ መሬቱ መቼ እንደታረሰ፣ በሽታው በየትኛው ሰፈር ቀድሞ እንደታየ ግን መሬቱን ዕድሜ ልካቸውን ያረሱ ሰዎች ይናገራሉ። ቡሬ ዛሬ በየካቲት 2013 ዓ.ም. የተመረቀው የተቀናጀ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ያለባት ከተማ ናት፤ በዙሪያዋ የእርሻው ዓይነት በፍጥነት እየተለወጠ ሲሄድ፣ የቀድሞው የአዝመራ ሥርዓት ምስክርነት ለጤናም ለግብርናም ጥናት መነሻ ይሆናል። በዚህ ጉዳይ ደግሞ ዋነኞቹ መስካሪዎች ሴቶች ናቸው። ዘር መርጣ የምታስቀምጥ፣ ሕመምተኛ የምታስታምምና በየትኛው ዓመት ማን እንደሞተ በተዝካር የምትቆጥር የቤት እመቤት፣ የሽማግሌዎች ጉባኤ ስለ ሹምና ስለ ዘመቻ ሲያወራ የማያነሣውን የቤተሰብ ታሪክ ትይዛለች፤ ባሏ ወይም ወንድ ልጇ ባለበት ግን ንግግሩን ለወንዶቹ ስለምትተው፣ ለብቻዋ፣ ቢቻል በሴት መዝጋቢ፣ በምድጃዋ አጠገብ እንድትነጋገር ማመቻቸት ያስፈልጋል።

የምዝገባ ሥርዓት

ከላይ ከተነገረው ለምዕራብ ጎጃም የሚስማማ የምዝገባ ሥርዓት ይወጣል። ፈጁ በችሎት ባላጋራ እንደነበረው ሁሉ፣ የአዛውንት ቃልም በመዝገብ ውስጥ ሌላ ቃል ሊቆምበት ይገባል፤ ስለ አንድ ድንበር፣ ስለ አንድ ውጊያ ወይም ስለ አንድ ሹም ከአንድ ወገን የተቀዳው ከሌላው ወገን፣ የአርበኛው ቤተሰብ ትረካ ባንዳ ተብሎ ከተጠራው ሰው ቤተሰብ ትረካ ጋር እንዲታይ መደረግ አለበት። ሽማግሌዎች በቡድን ሲቀመጡ አንዱ ሌላውን ያርመዋል፣ ስሞችና ቀኖች ይጠራሉ፤ ለብቻ ሲቀመጡ ደግሞ በቡድን የማይባለው ይነገራል፤ ስለዚህ ሁለቱም መንገድ ያስፈልጋል። መዝጋቢው አዛውንቱን አንቱ ብሎ፣ ደህንነታቸውን ጠይቆ፣ ቡናቸውን ጠጥቶና ምርቃታቸውን ተቀብሎ ሲጀምር አገሩን ማክበሩ ብቻ አይደለም፤ ከማን ቤት እንደመጣ፣ ቃሉን ወዴት እንደሚወስደው ሊጠይቁት ዕድል መስጠቱ ነው።

ፈቃድ የሚጠየቀው አስቀድሞም ከተቀዳ በኋላም ነው፤ አዛውንቱ የተናገሩትን ሰምተው የትኛው ክፍል ለሕዝብ እንደሚከፈት፣ የትኛው እርሳቸው ካለፉ በኋላ እንደሚከፈት የመወሰን መብት አላቸው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 በአገሪቱ ከወጣ ወዲህ ይህ የምግባር ብቻ ሳይሆን የሕግ ጉዳይም ሆኗል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ በተካሄደው ግጭት ምክንያት ደግሞ በገጠር መዘዋወር አስቸጋሪ ሲሆን፣ በድምፅ የተያዘ ንግግር ተናጋሪውን ለአደጋ ሊያጋልጥ ስለሚችል፣ የቅርቡን ዘመን ጉዳይ ስም ሳይጠቅሱ መያዝ ወይም ለጊዜው መተው አስተዋይነት ነው። የተቀዳውም በአንድ ስልክ ወይም በአንድ ኮምፒዩተር መቅረት የለበትም፤ አንዱ ቅጂ በዩኒቨርሲቲ፣ አንዱ በዞኑ የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት፣ አንዱ ቃሉ በተገኘበት አጥቢያ ትምህርት ቤት ሊቀመጥ ይገባል። ግልባጩም አዛውንቱ እንደተናገሩት፣ በጎጃም አነጋገር፣ ሳይታረም ይጻፋል።

የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ በቡሬ ካምፓስ አለው፤ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም ሩቅ አይደለም፤ በፍኖተ ሰላም፣ በደምበጫ፣ በቋሪትና በሰከላ የታሪክ መምህር ያለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አለ። ስለዚህ ሥራው የሚጠብቀው ታላቅ በጀት ሳይሆን የቅደም ተከተል ውሳኔ ነው። በ1967 ዓ.ም. ሠላሳ ዓመት ሞልቶት፣ ቤት መሥርቶ፣ በርስት ችሎት ቆሞ ትውልዱን የቆጠረ ሰው በዚህ በ2018 ዓ.ም. ሰማንያ አንድ ዓመቱ ነው፤ በጣሊያን መውጫ አሥር ዓመት የነበረው ልጅ ደግሞ ዘጠና አምስት ይሆናል። ዩኒቨርሲቲዎቹና የዞኑ ትምህርት ቤቶች አስቀድመው ሊያነጋግሩ የሚገባቸው እነዚህን ሁለት ወገኖች ነው፤ የ1960፣ የደርግና የ1989 ዓ.ም. መስካሪዎች ገና ጥቂት ጊዜ አላቸው፣ የርስት ተሟጋቾች ግን የላቸውም።